ኮምፒዩተራችን «ስታክ» የሚያደርገው በእውነት ያለ ምክንያት ነውን?

የመመረቂያ ጽሑፏን የምታስረክብበት ቀን ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ የአንዲት የባዮሎጂ ተማሪ ጓደኛችን ኮምፒዩተር በድንገት ድርቅ ማለት ጀመረ። ማውሱ አይንቀሳቀስም፣ ኪቦርዱ አይታዘዝም፤ ማጥፊያውን ተጭኖ ከማቋረጥ በቀር መፍትሔ አልነበረም። አንዳንድ ቀን ደግሞ ይብስና ራሱን በራሱ አጥፍቶ እንደገና ይነሣል። ወደ አንድ የጥገና ሱቅ ብትወስደው «ቫይረስ ነው» ተባለና ፎርማት ተደረገ። ኮምፒዩተሩ ጸድቶ ተመለሰ፤ ከጽሑፏም ሁለት ምዕራፍ አብሮ ጸድቶ ነበር። በሦስተኛው ቀን ማታ ያው ችግር ተመልሶ መጣ።

ውድ አንባብያን፣ ይህን የመሰለ ገጠመኝ ለብዙዎቻችሁ እንግዳ እንደማይሆን እንገምታለን። በተለምዶ «ስታክ አደረገ» የምንለው ይህ ችግር እጅግ የሚያናድደን ጊዜና ምክንያት የሌለው መስሎ ስለሚታየን ነው። በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምንሞክረው ግን አብዛኛውን ጊዜ ምክንያት እንዳለውና ምክንያቱም በላቦራቶሪ በተማርነው መንገድ ሊገኝ እንደሚችል ነው።

ጥፋቱ ከሰማይ ይመጣልን?

እርግጥ ነው፣ በእውነት በዘፈቀደ የሚከሰት ስሕተት አለ። ከሕዋ የሚመጡ ጨረሮች ከከባቢ አየር ጋር ተጋጭተው የሚፈጥሯቸው ንዑሳን ቅንጣቶች በኮምፒዩተር ራም ውስጥ ያለን አንድ ቢት ከ0 ወደ 1 ሊገለብጡት ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ2003 በቤልጅየም ስካርቤክ በተባለ ሥፍራ በተካሄደ የኤሌክትሮኒክ ምርጫ አንድ ዕጩ 4,096 ትርፍ ድምፅ ተቆጥሮላቸው ተገኝቷል። ይህ ቁጥር 2 በ12 ኃይል ሲነሣ የሚገኝ በመሆኑ የአንድ ቢት መገልበጥ ውጤት እንደሆነ ታመነ፤ የሕዋ ጨረርም በምክንያትነት ተጠረጠረ።

ይሁን እንጂ ሁሉን ነገር በሰማይ ማመካኘት አይቻልም። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲና የጉግል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት፣ በጉግል የመረጃ ማዕከሎች ከሚገኙት ማሽኖች ሲሦ ያህሉ በዓመት ቢያንስ አንድ የራም ስሕተት እንደሚያጋጥማቸው ታይቷል። ከሁሉ በላይ ትኩረት የሚስበው ግን ስሕተቶቹ በአመዛኙ አንድ ጊዜ ተከስተው የሚጠፉ ሳይሆኑ፣ ከራሱ ከዕቃው ጉድለት የሚመነጩና የሚደጋገሙ ሆነው መገኘታቸው ነው። የሚደጋገም ነገር ደግሞ ሊጠና ይችላል። በመሆኑም «ያለ ምክንያት» የምንለው በአብዛኛው «ምክንያቱን ገና ያልለካነው» ማለት ነው።

ከሁሉ በፊት መረጃን ማዳን

ወደ ጓደኛችን ጉዳይ እንመለስ። ከጠፋባት ሁለት ምዕራፍ አንዱን ከአሮጌ ፍላሽ አገኘች፤ ሌላውን ከላቦራቶሪ ደብተሯ ላይ እንደገና መጻፍ ግድ ሆነባት። ስለዚህ እኛ ስንደርስ የመጀመሪያ ሥራችን ኮምፒዩተሩን መመርመር ሳይሆን የቀረውን ሥራዋን በሁለት የተለያዩ ቦታዎች መገልበጥ ሆነ። የታመመ ኮምፒዩተር በምርመራ ላይ ሳለ ጨርሶ ሊሞት ይችላልና ይህ ቅደም ተከተል መዛባት የለበትም። ፎርማትም የመጨረሻ እርምጃ እንጂ የመጀመሪያ መሆን የለበትም፤ የሶፍትዌር ችግርን ሊያስወግድ ቢችልም የአቧራን፣ የሙቀትንና የኤሌክትሪክን ችግር አይነካም፤ ለምርመራ የሚጠቅሙ መዝገቦችን ግን ያጠፋል።

ቀጥሎ ጓደኛችን የላቦራቶሪ ደብተሯን አዲስ ገጽ ገለጠች። ችግሩ በተከሰተ ቁጥር ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ክፍት የነበሩትን ፕሮግራሞችና የችግሩን ዓይነት እንድትመዘግብ ተስማማን።

ሦስቱ የሕመም ምልክቶች

የችግሩ ዓይነት ብዙ ይናገራል። አንደኛው፣ ኮምፒዩተሩ የስሕተት መልእክት አሳይቶ ሲቆም ነው። ይህ በዊንዶውስ ለረጅም ዘመን ሰማያዊ ገጽ የነበረ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ በዊንዶውስ 11 ጥቁር ሆኗል። በገጹ ላይ የሚታየው ኮድ ለምርመራው መነሻ ስለሚሆን መጻፍ ወይም ፎቶ ማንሣት ይገባል። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ በስርዓቱ እምብርት ውስጥ የሚሠራ ድራይቨር ወይም የተበላሸ ራም ነው። በእምብርቱ ውስጥ ያለ አንድ ስሕተት ምን ያህል እንደሚጎዳ ዓለም እ.ኤ.አ. በጁላይ 19 ቀን 2024 ተመልክቷል፤ የክራውድስትራይክ የደኅንነት ሶፍትዌር አንድ የተሳሳተ ማሻሻያ 8.5 ሚሊዮን ገደማ የሚሆኑ የዊንዶውስ ኮምፒዩተሮችን ከሥራ ውጪ አድርጎ ነበር።

ሁለተኛው ምልክት ያለ ምንም መልእክት ድርቅ ማለት ነው፤ በዚህ ጊዜ ሙቀት፣ ሃርድ ዲስክ፣ ራም ወይም ድራይቨር ይጠረጠራሉ። ሦስተኛው ምልክት መብራት እንደጠፋ ያህል በቅጽበት ጠፍቶ እንደገና መነሣት ሲሆን፣ ከሁሉ በፊት ወደ ፓወር ሰፕላዩና ወደ ሙቀቱ ያመለክታል። የጓደኛችን ደብተር በ12 ቀናት ውስጥ 17 ክስተቶችን መዝግቧል፤ 13ቱ ድርቀት፣ 4ቱ ደግሞ ድንገተኛ መጥፋት ነበሩ።

አንድ በአንድ መለወጥ

በሳይንስ ሙከራ አንድን ተለዋዋጭ ስንመረምር ሌሎቹን ባሉበት እናቆያለን። ራሙን ቀይረን፣ ድራይቨሩን አድሰን፣ አቧራውን ጠርገን በአንድ ቀን ብንጨርስና ችግሩ ቢጠፋ የትኛው እንዳዳነን አናውቅም፤ በተመለሰም ጊዜ ከዜሮ እንጀምራለን። ስለዚህ የጀመርነው ገንዘብ ከማይጠይቀውና ምንም ከማያበላሸው ምርመራ ነው።

በቅድሚያ ሜምቴስት 86 ፕላስ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ከፍላሽ አስነሥተን ራሙ ሌሊቱን ሙሉ እንዲፈተሽ አደረግን። አንድም ስሕተት አልተገኘም። ስሕተት ቢገኝ ኖሮ ሁለቱን ራሞች ተራ በተራ እየነቀልን ጥፋተኛውን እንለይ ነበር። ከዚያም ሃርድ ዲስኩ ስለ ራሱ ጤንነት የሚመዘግበውን ስማርት የተባለ መረጃ አነበብን፤ እርሱም ደኅና ነበር። በሦስተኛ ደረጃ የፕሮሰሰሩን ሙቀት የሚያሳይ ፕሮግራም ከፍተን ኮምፒዩተሩን ከባድ ሥራ ሰጠነው። ቁጥሩ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ከ90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አለፈና ኮምፒዩተሩ ድርቅ አለ። ጥፋተኛው የተያዘ መሰለን።

ሽፋኑ ሲከፈት የፕሮሰሰሩ ማቀዝቀዣ ክንፎች በአቧራ ተደፍነው፣ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባው ቴርማል ፔስትም ደርቆ ተገኘ። እዚህ ላይ የከፍታ ቦታ ነዋሪዎች ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ በመሆኗ የአየሯ እፍግታ ከባሕር ጠረፍ አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ፋኑ በደቂቃ የሚገፋው የአየር ይዘት እኩል ቢሆንም፣ ሙቀቱን ተሸክሞ የሚወጣው የአየር መጠነ ቁስ ግን ያነሰ ነው። አቧራ ሲጨመርበት ችግሩ ይብሳል። ኮምፒዩተሩን ከሶኬት ነቅለን፣ አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ጠርገን፣ ፔስቱን ቀየርን። ሙቀቱ ከ70 ዲግሪ በታች ወረደ፤ ድርቀቱም ጠፋ።

ድንገተኛው መጥፋት ግን አልጠፋም።

ማክሰኞና ዓርብ

በዚህ ጊዜ ተስፋ መቁረጥ ቀላል ነበር። ወደ ደብተሩ ስንመለስ ግን ከጽዳቱ በፊትም ሆነ በኋላ የደረሱት ድንገተኛ መጥፋቶች ሁሉ ማክሰኞና ዓርብ፣ ከምሽቱ አንድ እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ መሆናቸውን አስተዋልን። ቫይረስ ቀን አይመርጥም ማለት ባይቻልም ይህ ግን የሰው ልማድ ይመስል ነበር። ጓደኛችን የምትኖረው በኪራይ ክፍል ስለሆነ የቤቱን ባለቤት ጠየቅናቸው፤ «እማማ፣ እንጀራ የሚጋግሩት መቼ መቼ ነው?»

«ማክሰኞና ዓርብ ማታ ነዋ ልጆቼ፤ ምነው፣ አማራችሁ እንዴ?»

የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ያህል ይፈጃል፤ ይህም በ220 ቮልት ወደ 16 አምፒር የሚጠጋ ከረንት ነው። ይህን ያህል ከረንት በቀጭንና ባረጀ ሽቦ ሲያልፍ በግቢው ያለው ቮልቴጅ ይወርዳል። በፓወር ሰፕላይ ውስጥ ያለው ካፓሲተር እንዲህ ያለውን አጭር ችግር ለማሳለፍ ኃይል ያከማቻል፤ ጤናማ ፓወር ሰፕላይ መብራት ለ16 ሚሊ ሰከንድ ያህል ቢቋረጥ እንኳ ኮምፒዩተሩን ሳያጠፋ ማለፍ ይጠበቅበታል። ነገር ግን የሚከማቸው ኃይል ከቮልቴጁ ስኩዌር ጋር ይመጣጠናል። በቀላልና በአሮጌ ፓወር ሰፕላይ ቮልቴጁ ከ220 ወደ 190 ሲወርድ፣ ቅነሳው 14 በመቶ ገደማ ቢሆንም የተከማቸው ኃይል 25 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ካፓሲተሩ በእርጅና ከደከመ ደግሞ የሚቀረው መጠባበቂያ እጅግ ያንሳል።

ግምቱን ለመፈተን ከአንድ ጓደኛችን ደኅና ፓወር ሰፕላይ ተውሰን ገጠምን። ማክሰኞ ማታ ምጣዱ ተጣደ፤ ኮምፒዩተሩ አልጠፋም። ለማረጋገጥ ዓርብ አሮጌውን መለስነው፤ ምጣዱ በተጣደ ሃያ ደቂቃ ውስጥ ጠፋ። ነገሩ በዚህ ተቋጨ፤ ፓወር ሰፕላዩ ተለወጠ። እዚህ ላይ አጥብቀን የምናሳስበው፣ ፓወር ሰፕላይን ራሱን ፈቶ መክፈት ፈጽሞ እንደማይገባ ነው። ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሮቹ ለሕይወት አደገኛ የሆነ ቮልቴጅ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ።

ከዚህ ምን እንማራለን?

በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ሁለት የተለያዩ ሕመሞች በአንድነት ሰፍረው ነበር፤ ሁለቱን ለይቶ ያሳየን ውድ መሣሪያ ሳይሆን በእስክሪብቶ የተሞላ አንድ የደብተር ገጽ ነው። ኮምፒዩተራችሁ ነገ ስታክ ቢያደርግ፣ ሥራችሁን በሁለት ቦታ አስቀምጡ፤ ጊዜውንና ምልክቱን መዝግቡ፤ ከዚያም አንድ ነገር ብቻ እየለወጣችሁ ፈትኑ። የመጀመሪያው መልስ የችግሩን ግማሽ ብቻ ሊፈታ እንደሚችልም አትዘንጉ።

ጓደኛችን ጽሑፏን በጊዜው አስረከበች። ያ የደብተር ገጽ ዛሬም በላቦራቶሪ ደብተሯ ውስጥ፣ በሁለት የባክቴሪያ ቆጠራ ሠንጠረዦች መካከል ይገኛል።