ለትንሽ የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ የሚሆን የካርታ መሣሪያ ስለ መምረጥና ስለ ስክሪኑ መጠን

በሐይቅ ላይ ዓሣ የሚያጠምድ ሰው ከጥንት ጀምሮ መንገዱን የሚያውቀው በምልክት ነው። በጣና ላይ የሚቀዝፍ ባለ ታንኳ የደብሩን ዛፍ ከተራራው ጫፍ ጋር አስተያይቶ፣ ነፋሱም ፊቱን የሚመታበትን ወገን ለይቶ፣ መረቡን ወደ ጣለበት ስፍራ ሳይሳሳት ይመለሳል። ይህ ዕውቀት ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ ስለ ሆነ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ምልክቱ የሚታየው በብርሃን ነው። ጨለማ ሲሆን ወይም ዝናብ ዳሩን ሲሸፍነው ተራራውም ዛፉም ይጠፋሉ።

ከደንገል የተሠራው ታንኳ አብዛኛውን ጊዜ ዳር ዳሩን ስለሚሄድ፣ ባለቤቱ መንገድ ቢስት እንኳ ምድር ቅርብ ነው። እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር በ1986 ዓመት ባለ ሞተር ጀልባና አዲስ ዐይነት መረብ ወደ ጣና ከገቡ ወዲህ ግን አጥማጁ ወደ ሐይቁ መካከል ርቆ መሄድ ጀመረ። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ውኃ ላይ መንገድ የሳተ ሰው ነዳጁ በከንቱ ያልቅበታል፤ ነዳጅ ያለቀበትም ጀልባ ለነፋስና ለማዕበል የተሰጠ ነው። ስለዚህ መንገድ የሚያሳይ መሣሪያ መግዛት ለጌጥ የሚደረግ ሳይሆን የሰውን ሕይወትና የቤተ ሰብን እንጀራ የሚጠብቅ ሥራ ነው።

ለዚህ ሥራ የተዘጋጀው መሣሪያ ቻርትፕሎተር ይባላል፤ በአማርኛ የካርታ መሣሪያ ቢባል ይስማማዋል። ለአጥማጆች ማኅበር ወይም ለግል ጀልባ እንዲገዛ በታሰበ ጊዜ ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው የስክሪኑን ስፋት ነው። ነጋዴውም ትልቁን ያመሰግናል፤ ዋጋው ከፍ ያለው እርሱ ነውና። ትክክለኛው ቅደም ተከተል ግን ሌላ ነው። አስቀድሞ ካርታው ይመረመራል፤ ከዚያ የስክሪኑ ብርሃን፣ ከዚያም የባትሪው ኀይል ይመዘናል። የስክሪኑ ስፋት የሚቈረጠው እነዚህ ሦስቱ ከታወቁ በኋላ ነው።

ስለ መሣሪያው አሠራር

የካርታ መሣሪያ ሁለት ነገሮችን ባንድነት የያዘ ነው። አንደኛው ጀልባው ያለበትን ስፍራ የሚያውቅ ተቀባይ ነው፤ ሁለተኛው ያንን ስፍራ በካርታ ላይ የሚያሳይ ስክሪን ነው። ተቀባዩ ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብለው የሚዞሩ ሳተላይቶች የሚልኩትን የሰዓት ምልክት ይቀበላል። ምልክቱ ለመድረስ ከወሰደበት ጊዜ የእያንዳንዱን ሳተላይት ርቀት ያሰላል፤ ቢያንስ ከአራት ሳተላይቶች ምልክት በደረሰውም ጊዜ ስፍራውን ይለያል። ጂ.ፒ.ኤስ. የተባለው የአሜሪካ መንግሥት ሥርዓት በ1995 በሙሉ ኀይሉ መሥራት ጀመረ። በሕዝብ ተቀባዮች ላይ ሆን ተብሎ ይጨመር የነበረው ስሕተት ደግሞ በ2000 ተነሣ። ዛሬ የሩሲያው ግሎናስ፣ የኤውሮፓው ጋሊሌዎና የቻይናው ቤይዱ ተጨምረውበት፣ ሰማይ በግልጥ በሚታይበት ውኃ ላይ ተራ ተቀባይ እንኳ ብዙ ጊዜ በጥቂት ሜትር ልዩነት ስፍራውን ይናገራል። ለዚህም ስልክ ወይም ኢንተርኔት አያስፈልገውም።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት፣ ጀልባው የት እንዳለ በማወቅ ረገድ ትንሹ መሣሪያ ከትልቁ የሚያንስበት ነገር እጅግ ጥቂት መሆኑ ነው። በትልቅ ስክሪን የሚገዛው የማየት ምቾት ነው እንጂ ስፍራን የማወቅ ችሎታ አይደለም።

ስለ ካርታው

ለባሕር ዳርቻ የሚሸጡ ካርታዎች መርከበኞች ለብዙ ዘመን የለኩትን ጥልቀት የያዙ ናቸው። በሐይቅ ላይ ግን ሻጩ የሚያሳየው ካርታ የዳሩን መስመር ብቻ ይዞ መካከሉን ባዶ ሰማያዊ አድርጎ ሊተወው ይችላል። ይህን የሚያይ ሰው ውኃው ከድንጋይ የነጻ ነው ብሎ እንዳያምን ይጠንቀቅ፤ ባዶው ሰማያዊ የሚናገረው የለካው ሰው አለመኖሩን ብቻ ነው። ስለዚህ ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት ሻጩ መሣሪያው የሚሠራበትን ያንኑ ሐይቅ ከፍቶ የጥልቀት ቍጥር እንዳለበት እንዲያሳይ ሊጠየቅ ይገባል።

ካርታው ባዶ ከሆነ መድኀኒት አለው። የድምፅ ጥልቀት መለኪያ የተገጠመላቸው አንዳንድ መሣሪያዎች ጀልባው በሄደበት ሁሉ ጥልቀቱን እየመዘገቡ የራሳቸውን ካርታ ይሥላሉ። ድምፅ በውኃ ውስጥ በሴኮንድ 1,500 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ መሣሪያው ድምፁ ወደ ታች ሄዶ እስኪመለስ ያለፈውን ጊዜ ለክቶ ጥልቀቱን ያሰላል። የጣና እጅግ ጥልቅ ስፍራ 14 ሜትር ያህል ብቻ ስለ ሆነ፣ ለጥልቅ ባሕር የተሠራ ውድ የድምፅ መሣሪያ ለዚህ ሐይቅ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ነገር ግን የሐይቁ ውኃ ከክረምት በኋላ ከፍ ብሎ በበጋ መጨረሻ እንደሚጐድል መዘንጋት አይገባም። በመስከረም በላዩ ያለፉበት ድንጋይ በግንቦት የሞተሩን ፕሮፔለር ሊሰብር ይችላል። እንደዚሁም በ2011 በጣና ላይ መታየት የጀመረው እምቦጭ በነፋስ የሚንቀሳቀስ ስለ ሆነ በማናቸውም ካርታ ላይ አይገኝም። የሌላ ሰው መረብና ታንኳም እንዲሁ።

ካርታን አጉልቶና አሳንሶ የማየት ነገርም ታላቅ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ኖቬምበር 29 ቀን 2014 ቬስታስ ዊንድ የተባለች 20 ሜትር ያህል ርዝመት ያላት ባለ ሸራ መርከብ፣ በዓለም ዙሪያ በሚደረግ እሽቅድምድም ላይ ሳለች፣ በሕንድ ውቅያኖስ ከሞሪሽየስ በስተ ሰሜን ምሥራቅ ካርጋዶስ ካራሆስ በተባለው ቋጥኝ ላይ በሌሊት ወጣች። የነበሩባት ዘጠኝ ሰዎች ሁሉ በሕይወት ተረፉ። መርከቢቱ ኤሌክትሮኒክ ካርታ ነበራት፤ ነገር ግን መርከበኞቹ ያንን ስፍራ በሚገባ አጉልተው ስላልመረመሩት አደጋው አልታያቸውም። በአንጻሩ ደግሞ ካርታውን ከመጠን በላይ ማጉላት ሥዕሉን ያሰፋዋል እንጂ ያልተለካውን ጥልቀት አይጨምርበትም። እንግዲህ አጥማጁ አዲስ መንገድ ከመጀመሩ በፊት ገና በወደብ ሳለ መንገዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ አጉልቶ ይመልከት።

አንድ ነገር ይጨመር። በአሮጌ የወረቀት ካርታ ላይ የተነበበ የስፍራ ቍጥር ሳይታረም ወደ መሣሪያው መግባት የለበትም። ለኢትዮጵያ ብዙ የቀድሞ ካርታዎች መነሻ የሆነው አዲንዳን የተባለው ልኬት፣ ሳተላይቶቹ ከሚጠቀሙበት ልኬት ጋር 200 ሜትር ያህል ይለያያል። በጨለማ 200 ሜትር መሳሳት በወደብ አፍና በድንጋይ መካከል ያለ ልዩነት ነው።

ስለ ብርሃንና ስለ ውኃ

በሱቅ ጥላ ውስጥ እጅግ ያማረ ስክሪን በቀትር ፀሐይ በውኃ ላይ ጥቁር መስተዋት ሊመስል ይችላል። የስክሪን ብርሃን የሚለካው በካሬ ሜትር በካንዴላ ነው። ለቢሮ የሚሠሩ ስክሪኖች ብዙ ጊዜ 300 ያህል ሲኖራቸው፣ ክዳን ለሌለው ጀልባ ግን 800 እስከ 1,200 ያለው ይመረጣል። ሌሊትም ብርሃኑ እጅግ ዝቅ ሊል የሚችል መሆን አለበት፤ አለዚያ ዐይንን ያሳውርና ከፊት ያለውን ታንኳ ይሰውራል።

ውኃ መቋቋሙን የሚያመለክተው ቍጥር አይ.ፒ.ኤክስ. 7 ወይም ከዚያ በላይ ይሁን። ይህ ማለት መሣሪያው በአንድ ሜትር ውኃ ውስጥ 30 ደቂቃ ቢቈይ አይበላሽም ማለት ነው። የሚነካ ስክሪን ብቻ ያለው መሣሪያ በእርጥብና ዓሣ በነካ እጅ አልታዘዝ ሊል ስለሚችል፣ ለአጥማጅ ቍልፍ ያለው ይሻላል።

ስለ ባትሪው

የኀይሉ ሒሳብ ቀላል ነው። በመሣሪያው ላይ የተጻፈው ዋት በባትሪው ቮልት ሲካፈል አምፔር ይገኛል፤ አምፔሩም በሰዓት ይባዛል። 12 ዋት የሚፈልግ ትንሽ መሣሪያ በ12 ቮልት ባትሪ 1 አምፔር ይወስዳል፤ በ10 ሰዓት 10 አምፔር ሰዓት ይሆናል። 36 ዋት የሚፈልግ ትልቅ መሣሪያ ግን በዚያው ጊዜ 30 አምፔር ሰዓት ይጨርሳል። ባትሪው 60 አምፔር ሰዓት ቢሆን ትንሹ ከስድስት እጅ አንዱን፣ ትልቁ ግን ግማሹን ወሰደ ማለት ነው። የእርሳስ ባትሪ ደግሞ ዘወትር ከግማሽ በታች ቢወርድ ዕድሜው ያጥራል። በገመድ ተስቦ የሚነሣ ትንሽ ሞተር ብዙ ጊዜ ባትሪ የሚሞላ ክፍል ስለሌለው፣ ያለቀው ባትሪ በውኃ ላይ የሚተካበት መንገድ የለም። ስክሪኑም የሚጠፋው አጥማጁ በማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ እጅግ በሚያስፈልግበት ሰዓት ነው።

ስለ ስክሪኑ ስፋት

የስክሪን መጠን የሚነገረው ከማዕዘን እስከ ማዕዘን በኢንች ነው፤ አንድ ኢንች 2.54 ሳንቲ ሜትር ነው። ቅርጻቸው አንድ ሲሆን 7 ኢንቹ ከ5 ኢንቹ በስፋት እጥፍ ያህል ይሆናል፤ 10 ኢንቹም የ5 ኢንቹ አራት እጥፍ ነው። ስለዚህ ከ5 ወደ 7 መውጣት በቍጥር ጥቂት ቢመስልም ለዐይን ብዙ ነው።

ካርታን ብቻ ለማየት፣ መሣሪያውም ክንድ በሚደርስበት ስፍራ ከተቀመጠ፣ 5 ኢንች ይበቃል። ካርታውንና ጥልቀቱን ጐን ለጐን ከፍሎ ለሚያይ ግን እያንዳንዱ ግማሽ እንዲነበብ 7 ኢንች ያስፈልጋል፤ 6 ወይም 7 ሜትር ርዝመት ላለው ክዳን የሌለው ጀልባ ከዚህ የሚበልጥ እምብዛም አይጠቅምም። 9 ኢንች የሚገባው የመሪ ሰሌዳና ጥላ ላለው፣ ነጂውም ቆሞ ለሚመራው ጀልባ ነው። 12 ኢንች የነጂ ክፍልና ጠንካራ ባትሪ ላለው ትልቅ ጀልባ ይተው።

ከሁሉ የሚሻለው ፈተና ግን ይህ ነው። መሣሪያው ከሱቁ ወደ ፀሐይ ይውጣ፤ ነጂው በጀልባው ላይ የሚቀመጥበት ርቀት በገመድ ይለካ፤ ከአጥማጆቹ መካከል በዕድሜ የገፋው ሰው በዚያ ርቀት ተቀምጦ የጥልቀቱን ቍጥር ያንብብ። እርሱ ካነበበው ስፋቱ በቂ ነው።

ስለ አገጣጠሙና ስለ አያያዙ

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ በችኰላ የተገጠመ መሣሪያ በማዕበል ጊዜ ይከዳል። ሽቦው በቂ ውፍረት ይኑረው፤ በባትሪው አጠገብም አምራቹ ያዘዘው ፊውዝ ይግባበት። መሣሪያው ከኮምፓስ ይራቅ፤ ቅርብ ከሆነ መርፌውን ያስታል። ኮምፓሱም መሣሪያ ተገዛ ተብሎ አይጣል፤ ባትሪ የማያስፈልገው እርሱ ብቻ ነው። የመሣሪያው ቋንቋ ለአጥማጁ እንግዳ ከሆነ ሦስት ነገሮችን ብቻ በሚገባ ይማር፤ ያለበትን ስፍራ ማስመዝገብን፣ ወደ ተመዘገበ ስፍራ መመለስን፣ ብርሃኑን ከፍና ዝቅ ማድረግን።

የመሣሪያው መታሰቢያ ግን ዓሣውን ሊጐዳም ይችላል። በክረምት ነጭ ዓሣ እንቍላሉን ለመጣል ወደ ጉማራና ወደ ርብ፣ ወደ መገጭና ወደ ግልገል ዓባይ ወንዞች ይወጣል። በዚያ ወራት በወንዝ አፍ ላይ መረብ በመጣሉ ይህ ዓሣ በ1990ዎቹ ዓመታት ብዛቱ እጅግ ቀነሰ። ዓሣ የሚሰበሰብበትን ስፍራ የሚያስታውስ መሣሪያ ያለው ሰው በየዓመቱ ሳይሳሳት ይመለስበታል። ስለዚህ መሣሪያው ለአጥማጆች በሚሰጥበት ቀን የወንዞቹ አፍ በክረምት መረብ የማይጣልበት ስፍራ ተብሎ በካርታው ላይ ይመዝገብ። የዘንድሮውን ዓሣ ያበዛ መሣሪያ የልጆችን ዓሣ ካጠፋ ጥቅም አላመጣም።

እንግዲህ የግዢ ወረቀት ወደ ፊቱ የቀረበለት ሹም ፊርማውን ከማኖሩ በፊት አራት ነገሮችን ይጠይቅ። የዚህ ሐይቅ ጥልቀት በካርታው ላይ አለን? በቀትር ፀሐይ ይነበባልን? ያለው ባትሪ ሄዶ እስኪመለስ ይበቃዋልን? ሽማግሌው አጥማጅ ከመቀመጫው አይቶታልን? ለአራቱም ጥያቄ አዎን የሚል መልስ ካገኘ፣ ስክሪኑ ትንሽ ቢሆንም ይግዛው። ከትልቁ የተረፈው ገንዘብ ለተንሳፋፊ ልብስ፣ ለኮምፓስና ለተጨማሪ ባትሪ ይዋል፤ በማዕበል ሌሊት ሰውን ወደ ቤቱ የሚመልሱት እነዚህ ናቸውና።