ከክፍል መቅረትና መዘዙ

ጧት ደወል ከተደወለ በኋላ መምህሩ የስም መቆጣጠሪያውን ገልጦ የተማሪዎችን ስም በተራ ይጠራል። አንዱ «አቤት» ሲል ሌላው «አለሁ» ይላል። ስሙ ተጠርቶ መልስ በማይሰጠው ተማሪ አንጻር ግን የቀሪ ምልክት ይደረጋል። ብዙ ተማሪዎች ነገሩ በዚያች ምልክት የሚያበቃ ይመስላቸዋል። መምህሩን የሚያሳስበው ግን ተማሪው የቀረበት ቀን ብቻ ሳይሆን ተመልሶ የሚመጣበት ቀን ጭምር ነው።

ትምህርት እንደ ካብ ነው፤ የሥሩ ድንጋይ ሳይቀመጥ የላዩ አይቆምም። ለምሳሌ ያህል የአማርኛን ሰዋስው እንውሰድ። መምህሩ ሰኞ ዕለት ባለቤትና ተሳቢ ምን እንደሆኑ ቢያስረዳ፣ ማክሰኞ ወደ ገቢርና ተገብሮ ይሸጋገራል። «ልጁ ብርጭቆውን ሰበረ» የሚለው ዐረፍተ ነገር «ብርጭቆው ተሰበረ» ወደሚለው ሲለወጥ፣ ቀድሞ ተሳቢ የነበረው ስም ባለቤት ይሆናል። ሰኞ ያልነበረ ተማሪ ማክሰኞ በክፍል ውስጥ ቢገኝም፣ ተሳቢ ምን እንደሆነ ስለማያውቅ የሚባለው ሁሉ እንግዳ ይሆንበታል። የቀረው አንድ ቀን ሲሆን ያመለጠው ግን የሁለት ቀን ትምህርት ነው።

እርግጥ ነው፣ የጓደኛውን ደብተር ተውሶ መገልበጥ ይችላል። ይሁን እንጂ በደብተር የሚሰፍረው ማስታወሻው ብቻ ነው፤ የመምህሩ ማብራሪያ፣ የተማሪዎች ጥያቄና የተሳሳተው መልስ የታረመበት ምክንያት በዚያ አይገኙም። ስለዚህ ተማሪው ጥያቄ እንዳይቀርብለት እየሠጋ አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል። ከኀፍረቱ ለማምለጥ ሲልም እንደገና ይቀራል። በዚህ ዐይነት መቅረት ሌላ መቅረትን ይወልዳል። መምህሩም በሁለት ሐሳብ ይወጠራል፤ ያለፈውን ቢደግም የተገኙትን ያዘገያል፤ ባይደግም የቀረውን ጥሎ ያልፋል።

ተማሪዎች የሚቀሩበት ምክንያት አንድ ዐይነት አይደለም። በገጠር የኅዳርና የታኅሣሥ አዝመራ ሲደርስ ልጆች ለአጨዳና ለውቂያ ይፈለጋሉ። ውሃ መቅዳትና ታናናሾችን መጠበቅ በልጃገረዶች ላይ የሚወድቅበትም ቤት ብዙ ነው። በሕመም የሚቀርም አለ። እነዚህ ከተማሪው ፈቃድ ውጭ ስለሆኑ ወላጆችና መምህራን ተመካክረው መፍትሔ ሊፈልጉላቸው ይገባል። ደብተሩን ይዞ ከቤት ወጥቶ፣ ትምህርት ቤት ሳይደርስ በየጥላው ሥር የሚውለው ግን ወላጆቹንም ራሱንም ያታልላል። በሳምንት ካሉት 5 የትምህርት ቀናት አንዱን የሚቀር ተማሪ፣ በ10 ሳምንት ውስጥ የ2 ሳምንት ትምህርት እንደሚያጣ ልብ ይሏል።

እንግዲህ በማናቸውም ምክንያት የቀረ ተማሪ በዚያው ዕለት ደብተር ተውሶ ማንበብ፣ ያልገባውን ለይቶ መጻፍ፣ በማግሥቱም ምክንያቱን ሳይደብቅ ለመምህሩ ነግሮ መጠየቅ ይኖርበታል። «አልገባኝም» ማለት ለጊዜው ያሳፍር ይሆናል፤ ዝም ብሎ መቀመጥ ግን ዓመቱን ሙሉ ያስቸግራል። «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» እንደሚባለው፣ የአንድ ቀን ጉድለት የሚሞላው በማግሥቱ እንጂ በፈተና ዋዜማ አይደለም።