ከደባርቅ እስከ ኩዌዛር፦ ስፍራችንን እንዴት እናውቃለን?

ከዳባት ተነሥቶ በደባርቅ በኩል ወደ ሰሜን ተራሮች የሚያቀና መንገደኛ ዛሬ ያለበትን ስፍራ በእጅ ስልኩ ያነባል። ለመሆኑ አኃዞቹ ከየት መጡ? መልሱ ከሳተላይቶችም አልፎ እጅግ ይርቃል።

የጂ.ፒ.ኤስ. ሳተላይቶች ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ይዞራሉ። እያንዳንዱ ሳተላይት ምልክቱን የላከበትን ሰዓትና የነበረበትን ቦታ በሬዲዮ ሞገድ ያስታውቃል። ምልክቱ በብርሃን ፍጥነት ስለሚጓዝ፣ የፈጀው ጊዜ ሲታወቅ ርቀቱ ይታወቃል። የ1 ማይክሮ ሰከንድ ስሕተት 300 ሜትር ያስታል፤ ስለዚህም ሳተላይቶቹ አቶሚክ ሰዓት ይይዛሉ። የስልካችን ሰዓት ግን ተራ ነው። በመሆኑም ሦስቱን የቦታ መለኪያዎችና የሰዓቱን ግድፈት በአንድነት ለማስላት ቢያንስ 4 ሳተላይቶች ያስፈልጉናል።

ይሁን እንጂ ሳተላይቶቹ በጠፈር ሲዞሩ ከበታቻቸው ምድር ትሽከረከራለች። በዚህ ሽክርክሪት ደባርቅ በየሰከንዱ 450 ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ትጓዛለች። ሽክርክሪቱም ፍጹም ወጥ አይደለም፤ ነፋሳትና የምድር ውስጣዊ እንቅስቃሴ የቀኑን ርዝመት በጥቂቱ ይለዋውጡታል። ሽክርክሪቱን በ1 ሚሊ ሰከንድ ብንስት ደባርቅን 45 ሴንቲ ሜትር ያህል ከስፍራዋ እናፈናቅላታለን። ለመንገደኛው ይህ ከምንም አይቆጠርም። ነገር ግን ደባርቅ ከአፍሪካ የምድር ቅርፊት ጋር በዓመት የምትንቀሳቀሰው 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። እንግዲህ የስምጥ ሸለቆን መስፋት ለሚያጠና ተመራማሪ ያ ስሕተት የ15 ዓመት ጉዞ ያህል ነው።

ሳተላይቶቹ ብቻቸውን ይህን ስሕተት ለረጅም ጊዜ ሊያርሙልን አይችሉም፤ የምሕዋራቸው አቅጣጫ ራሱ ቀስ በቀስ ይለወጣልና። የማይነቃነቅ ምልክት የሚሆነን ኩዌዛር ነው። ይኸውም በቢሊዮን የሚቆጠሩ የብርሃን ዓመታት ርቆ የሚገኝ፣ ኃይለኛ የሬዲዮ ሞገድ የሚያመነጭ የጋላክሲ እምብርት ነው። ከርቀቱ የተነሣ በሰማይ ላይ የቆመ ያህል ይታያል። በተለያዩ አህጉራት ያሉ ሬዲዮ ቴሌስኮፖች አንድን ኩዌዛር በአንድ ጊዜ ይከታተላሉ፤ የቀዱት ሞገድ በአንድ ማዕከል ይነጻጸራል። ሞገዱ ከአንዱ ቀድሞ ከሌላው የዘገየበት ጊዜ ምድር ምን ያህል እንደዞረች ይነግረናል።

በአህጉራችን ይህን ሥራ ለረጅም ዘመን ሲያከናውን የኖረው በደቡብ አፍሪካ ሃርተቢስትሁክ የሚገኘው 26 ሜትር ስፋት ያለው ቴሌስኮፕ ነው። ጋናም በኩንቱንሴ የነበራትን 32 ሜትር የሳተላይት መገናኛ አንቴና ወደ ሬዲዮ ቴሌስኮፕ ለውጣ እ.ኤ.አ. በ2017 አስመርቃለች። ያም ሆኖ የአፍሪካ መረብ ገና ሳስቶ ይገኛል። ክፍተቱን የሚሞላው ትውልድ የሚያስፈልገው መሠረታዊ ዕውቀት ርቀት፣ ፍጥነትና ጊዜ ነው፤ ይህም ዛሬ በክፍል ውስጥ የምንማረው ነው።