የእናትየው ሞርፊንና የልጁ ፍርሃት

ሰሞኑን አንድ ወጣት እናቱን ከገጠር ደግፎ እኔ ወደምሠራበት ወደ ከላላ ለሕክምና አመጣቸው። የጡት ካንሰሩ አጥንት ደርሷል፤ ሌሊቱን ቁጭ ብለው ነው የሚያነጉት። ሞርፊን ሲታዘዝላቸው ልጁ ጠጋ አለኝና «ሱስ አይሆንባቸውም?» አለ።

ተገቢ ጥያቄ ነው። ሞርፊን ሱስ ሊያስይዝ ይችላል። ለካንሰር ሕመም በሐኪም ክትትል፣ በየ4 ሰዓቱ በአፍ ሲወሰድ ግን ዕድሉ አነስተኛ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ በአፍና ሰዓት ጠብቆ እንዲሰጥ ይመክራል። ሰውነት መድኃኒት መልመዱና ሱስ ይለያያሉ፤ የለመደ ሰውነት መጠኑ ቀስ በቀስ ሲቀነስለት ይላቀቃል። እሳቸውን ይበልጥ የሚያስቸግራቸው የሆድ ድርቀት ነው፤ ማለስለሻ አብረን ሰጠን።

እኔን የሚያስፈራኝስ ለወገብ፣ ለድካም እየተባለ ያለ ማዘዣ የሚዋጠው ትራማዶል ነው። እሱም የሞርፊን ዘመድ ነው፤ ሱስ ያስይዛል፣ ሲበዛ ያንፈራግጣል፣ ከአልኮል ጋር ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል።

ለልጁ እንዲህ አልኩት፦ «ጠርሙሱን ሳጥን ውስጥ ቆልፍበት። ለጎረቤት እንዳታካፍል፤ የተረፈውን መልስልኝ። ስትጠራቸው አልነቃ ካሉ ወይም ትንፋሻቸው ከዘገየ፣ ሳትውል ሳታድር አምጣቸው።»