ጀበና የምመርጠው በጆሮዬ ነው

መተማ ዮሐንስ ላይ ቡና አፍልቼ መሸጥ ከጀመርኩ አሥራ ስምንት ዓመት አለፈኝ። የሰበርኩትን ጀበና መቁጠር ከተውኩም ቆይቷል። ጥቂቱ ከእጄ ወድቆ ነው፤ አብዛኛው ግን ገና ስገዛው የተሰነጠቀ ነበር፤ ያላየሁት እኔ ነኝ።

የምገዛው ጀበና የሚመጣው ከጎንደር ነው። ጭድ ውስጥ ተቀብሮ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲንገጫገጭ ይወርዳል። ስንጥቅ ቢኖርበት ጥቁረቱና ቅባቱ ስለሚሸፍነው ዓይን አይደርስበትም። ስለዚህ እጀታውን ይዤ አንጠለጥለውና ሆዱን በጣቴ አንጓ አንኳኳለሁ። ደህናው ያቃጭላል፤ የተሰነጠቀው ደፈን ያለ ድምፅ ሰጥቶ ዝም ይላል። በገበያ ጫጫታ መሃል ይህን ለይቶ መስማት ያስቸግራል፤ በማለዳ ብትሄዱ ይሻላል።

ቀጥሎ ውሃ ነው። ሞልቼ እቀዳበታለሁ። አንዷ ሻጭ «እመቤት፣ ልትገዢው ነው ወይስ ልትታጠቢበት?» ብላኝ ገበያተኛው ሁሉ ስቆብኛል። እኔ ግን አልተውኩም። ውሃው እንደ ክር ቀጥኖ ወርዶ፣ ቀና ሳደርገው ወዲያው ከተቆረጠ እወስደዋለሁ። ወደ ኋላ እየተንሸራተተ ሆዱን የሚያረጥብ ከሆነ ዕድሜ ልኩን ረከቦት ሲያቆሽሽ ይኖራል። አንገቱንም አያለሁ፤ ቡና ሲፈላ ይነሣልና አጭርና ሰፊ አንገት ያለው ምድጃው ላይ ይገነፍላል። ቀለም የተቀባና አበባ የተሳለበት ጀበና ከቴሌቪዥኑ ጎን ይቀመጥ፤ እሳት ዘንድ ሥራ የለውም።

ሰው ይበልጥ የሚሳሳተው ግን ማሟሸት ላይ ነው። እዚህ ቆላ ውሃ የምናቀዘቅዘው ሱዳኖች ዚር በሚሉት ትልቅ ሸክላ ነው። የዚር ደግነቱ ማላቡ ነው። ውሃው በሸክላው ረቂቅ ቀዳዳ እየሰረገ ወጥቶ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል፤ ውስጥ የቀረው ይቀዘቅዛል። ሐሩሩ 40 ዲግሪ ባለፈበት የሚያዝያ ቀን ያ ሸክላ ነፍስ ያተርፋል። ጀበና ግን ማላብ የለበትም። ሁለቱም ከአፈር ተሠርተው በእሳት የበሰሉ ናቸው፤ ጀበናውን የሚለየው ሠሪዋ በጠጠር እየፈተገች ማለስለሷና እኛ ማሟሸታችን ነው። አዲሱን ውሃ ሞልቼ አሳድረዋለሁ። በማግስቱ የቡና አተላና ውሃ ጨምሬ በለሰለሰ እሳት አፈላለሁ፣ እደፋለሁ፣ እደግማለሁ። እንዲህ እያልኩ ሦስት ቀን። የአፈሩ ሽታ ሲጠፋና ውጩ ደርቆ ሲቀር ነው ለሰው የምቀዳበት። ከዚያ ወዲያ ሳሙና አያየውም፤ ሸክላ ሳሙናውን ይጠጣና ለእንግዳ መልሶ ያቀርበዋል።

ችኮላም አይወድም። አንድ ጥቅምት፣ የሰሊጥ አጨዳ ደርሶ ሳሉግ የምንላቸው አጫጆች ገና ሳይነጋ ደጄን ሞልተውት ሳለ፣ ከእሳት በወረደ ባዶ ጀበና ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ጨመርኩበት። ጧ ብሎ ለሁለት ተከፈለ። ያንን ጀበና አራት ዓመት ሠርቼበት ነበር።

ከጎንደር መተማ ስመጣ ቡናዬ መረረ፤ ቡናውንም አቆላሉንም ስወቅስ ከረምኩ። ምክንያቱ ከፍታው ነው። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ እዚያ 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። መተማ ግን ከ800 ሜትር በታች ናትና ውሃው 97ን አልፎ ነው የሚፈላው። ያን ያህል ሙቀት ከዱቄቱ ምሬቱን ጨምሮ ያወጣዋል። ስለዚህ እዚህ አንዴ እንደተነሣ አወርደዋለሁ፤ ጎንደር ከለመድኩት ረዘም ላለ ጊዜም ማቶቱ ላይ አስደግፌ አሰክነዋለሁ።

ከድንበሩ ማዶ፣ ሱዳን ገላባት ላይም ጀበና አለ፤ በስም አንድ ነን፣ በሥራ ግን እንለያያለን። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ካርቱም ላይ ጦርነት ሲፈነዳ በዚህ በኩል የተሻገረው ሕዝብ ለቁጥር ያዳግት ነበር። ከመካከላቸው ካርቱም ሻይና ቡና ስትሸጥ የኖረች ሴት ጥቂት ቀን አጠገቤ ተቀምጣ ሠርታለች። ዝንጅብል የገባበትን ቡናዋን በሌላ ዕቃ ታፈላና ጀበናዋ ውስጥ ትገለብጠዋለች፤ አፉ ላይ ቃጫ ወትፋ በፊንጃል ትቀዳለች። የእኔ ጀበና ከሰል ላይ ተጥዶ ሲያፈላና ሲቀዳ አይታ «ያንቺው ሁለት ሥራ ነው ያለበት፤ ቶሎ ቢሰበር አትፍረጂበት» አለችኝ። እውነቷን ነው።

በዚያው ሰሞን አንድ ተሻጋሪ የውጭ አገር ሰው በፎጣ ጠቅልሎ የያዘውን ቀይ ሸክላ አሳየኝ፤ ከሁለት ሲኒ በላይ አይዝም። ጃፓኖች ኪዩሱ ይሉታል፤ ቶኮናሜ በምትባል ከተማ ይሠራል። እጀታው ከኋላ ሳይሆን ከጎን ወጥቷል፤ በአንድ እጅ ክዳኑን በአውራ ጣት ይዞ አንጓን ማዘንበል ብቻ ነው። እሳት ላይ አይጣድም። አረንጓዴ ሻይ ስለሚመር ውሃው እስከ 70 ወይም 80 ዲግሪ በርዶ ነው የሚገባው። እሱንም በሳሙና አያጥቡትም። ከሁሉ የገረመኝ ማጥለያው ነው፤ ከመቅጃው ሥር ሸክላው ራሱ እንደ ወንፊት ተበስቷል። ያንን ለጀበና ብንሠራው የቡና ዱቄት በሁለት ቀን ይደፍነዋል። ለእኛ ማጥለያችን ትዕግሥት ነው፤ አስደግፎ ማስከን።

ስመርጥ አልራራም፤ ዋጋ ላይ ግን አልከራከርም። ጎንደር አጠገብ ወለቃ ብዙ ዘመን ሸክላ ይሠሩ የነበሩት ቤተ እስራኤል ሴቶች ነበሩ፤ ብዙዎቹ በ1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል ሄዱ። በእጃቸው ከተሠራ ጀበና ቡና እየጠጣን ቡዳ ናቸው እያልን እናማትብ ነበር። ያ አፍ ዛሬም በየገበያው አልጠፋም፤ ሸክላ ሠሪዋን በአሥር ብር ሲያስለምናት አያለሁ። አስለማኙ ያንኑ ቀን እኔ ዘንድ መጥቶ ቡና ሲጠጣ ዋጋ አይጠይቅም።

በዚህ ሳምንት አዲስ ጀበና የገዛችሁ ካላችሁ፣ ሦስት ቀን ሳይሞላው እንግዳ አትጥሩበት።