ሌላ ሰው የገጠማት መኪና

ቮልስዋገን ቢትል፣ አዲስ አበቤ «ቮልስ» የሚላት፣ ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ 4 ሜትር ከ8 ሳንቲም ገደማ ናት። ለ18 ስትካፈል 23 ሳንቲ ሜትር ለመሙላት ትንሽ ይቀራታል፤ ለ43 ስትካፈል ዘጠኝ ተኩል፣ ለ64 ስትካፈል ደግሞ ስድስት ሳንቲ ሜትር ከምናምን ትሆናለች። የመጀመሪያዋ የጠረጴዛ ጌጥ ናት፤ በሯን ከፍቶ ወንበሯንና መሪዋን ማየት ይቻላል። ሁለተኛዋ መደርደሪያ ላይ ከመቶ ቢጤዎቿ ጋር ትሰለፋለች። ሦስተኛዋ ኪስ ውስጥ ትገባለች።

የዚህች ትንሽ መኪና ባለቤት ለመሆን ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ኪት ነው፤ የጃፓኑ ታሚያ ወይም ሬቬል የሚያወጣውን የፕላስቲክ ክፍሎች ሣጥን ገዝቶ፣ እያንዳንዷን ክፍል ከፍሬሟ ቆርጦ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ፣ በሙጫ አጣብቆ፣ ቀብቶ፣ እስኪደርቅ ጠብቆ፣ ደግሞ ቀብቶ መጨረስ። አንድ ኪት ወራት ሊፈጅ ይችላል። ገጣጣሚዎቹ ራሳቸው እንደሚቀልዱት፣ የሚገዙት ሣጥን ሁልጊዜ ከሚጨርሱት ይበልጣል። ሁለተኛው መንገድ ዳይካስት ነው፤ አካሏ ከብረት ተቀርጾ፣ ተቀብታ፣ ጎማዋ ገብቶ፣ ታርጋዋ ሳይቀር ታትሞ የምትመጣው መኪና። ለገዢው የሚቀረው ሣጥኑን መክፈት ብቻ ነው፤ እሱንም የማይከፍት ሰብሳቢ ሞልቷል።

ኪት የሚገጣጥሙት ዳይካስት ሰብሳቢውን ዝቅ አድርገው ማየታቸው የቆየ ነገር ነው። ገንዘብ ያለው ሁሉ የሚገዛው ዕቃ ምን ሙያ አለው ይላሉ። ቀረብ ብሎ ላየው ግን የመገጣጠሙ ሥራ የትም አልሄደም፤ ወደ ሌላ ሰው እጅ ነው የተዛወረው። የዳይካስት ታሪክ ያ እጅ የት አገር እንደነበረና ምን ያህል ይከፈለው እንደነበር የሚያሳይ ታሪክ ነው። የመኪናዋ በር የሚከፈት ወይም የማይከፈት መሆኑ እንኳ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው።

አሠራሩን እንይ። የቀለጠ ብረት በከፍተኛ ግፊት ከጠንካራ አረብ ብረት ወደተሠራ ቅርጽ ማውጫ ይገባል፤ በሰከንዶች ውስጥ ረግቶ ይወጣል። ብረቱ ዛማክ ይባላል፤ አብዛኛው ዚንክ ሆኖ 4 በመቶ ያህል አልሙኒየም፣ ጥቂት ማግኒዚየምና መዳብ አለበት። ከ400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ስለሚቀልጥ ቅርጽ ማውጫውን ቶሎ አይጎዳውም፤ ከአንዱ ቅርጽ ማውጫ በመቶ ሺሕዎች የሚቆጠሩ አካላት ማውጣት ይቻላል። ችግሩ ቅርጽ ማውጫው ራሱ እጅግ ውድ መሆኑ ነው። ስለዚህ ዳይካስት በብዛት የሚሸጥ መኪና ይፈልጋል። ሰብሳቢው «ፖርሸና ፌራሪ በየዓይነቱ ሲወጣ እኔ የማውቃት መኪና ለምን አትወጣም?» እያለ የሚያማርረው በዚህ ምክንያት ነው።

በአሜሪካ የቺካጎው የዳውስት ቤተሰብ ኩባንያ፣ በኋላ ቱትሲቶይ በሚል ስም የታወቀው፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ጀምሮ ትንንሽ ፎርዶችን ያወጣ ነበር። መስኩን መስክ ያደረገው ግን የሊቨርፑሉ ፍራንክ ሆርንቢ ነው። ሆርንቢ የአሻንጉሊት ባቡር ሠሪ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1933 መጨረሻ ላይ ትንንሽ መኪኖችን ያወጣው ለባቡሮቹ ማጀቢያ እንዲሆኑ ነው። በ1934 ዲንኪ ቶይስ የሚል ስም ወጣላቸውና ከባቡሩ በላይ ገነኑ። ዛሬ ሰብሳቢው ሁሉ የሚምልበት 1፡43 የመጣውም ከባቡሩ ነው፤ የባቡሩ ስኬል ለአንድ ጫማ 7 ሚሊ ሜትር ነበረ፣ ሒሳቡ ሲሠራ አርባ ሦስት ተኩል ይሆናል።

ቀጥሎ የመጡት ትንሽ ገንዘብና ብዙ ብልሃት ይዘው ነው። ሌዝሊ ስሚዝና ሮድኒ ስሚዝ፣ የስም እንጂ የሥጋ ዝምድና የሌላቸው፣ በ1947 ለንደን ውስጥ ሌዝኒ የሚባል ድርጅት አቋቋሙ፤ ጃክ ኦዴል የሚባል የቅርጽ ባለሙያም ተጨመረ። የኦዴል ልጅ ትምህርት ቤት ይዛ መሄድ የሚፈቀድላት ክብሪት ቀፎ ውስጥ የሚገባ አሻንጉሊት ብቻ ስለነበር አባትዬው ትንሽ የመንገድ መዳመጫ ሠራላት። ከዚያ በ1953 ማችቦክስ ተወለደ። በ1956 ደግሞ ኮርጊ ከዌልስ ብቅ አለና ከዲንኪ ሲፎካከር ለመኪኖቹ የመስኮት መስታወት አደረገላቸው። በ1965 ያወጣው የጄምስ ቦንድ አስተን ማርቲን ዲቢ5 ከፊት መትረየስ፣ ከኋላ ጥይት መከላከያ፣ ሰው የሚያስፈነጥር ወንበርም ነበረው። ፊልሙ ላይ መኪናው ብርማ ነው፤ ኮርጊ ግን ወርቃማ አድርጎ ሸጠው፤ ቅር ያለው ልጅ የነበረ አይመስለኝም።

እነዚህ መኪኖች የሚገጣጠሙት በእንግሊዝ ሠራተኞች፣ በብዛትም በሴቶች እጅ ነበር። ያ ዘመን በ1968 መሸበት። የማቴሉ ኤሊየት ሃንድለር ሆት ዊልስን በ16 ዓይነት መኪኖች ጀመረ፤ ከጄኔራል ሞተርስ የመጣው ሃሪ ብራድሊ አብዛኞቹን የነደፋቸው፣ አብረቅራቂ ቀለም የተቀቡ፣ በቀጭን አክስል ላይ እንደ ጥይት የሚወረወሩ። ማችቦክስ በዓመቱ ጎማውን ቀይሮ ለመከተል ሞከረ። ፉክክሩ፣ የጉልበት ዋጋውና የእንግሊዝ ኢኮኖሚ መዳከም ተደራርበው የዲንኪ የሊቨርፑል ፋብሪካ በ1979 ተዘጋ፤ ሌዝኒ በ1982፣ የኮርጊ ባለቤት ሜቶይ በ1983 ከሰሩ። በአራት ዓመት ውስጥ ሦስቱም። የማችቦክስ ስም ወደ ሆንግ ኮንግ ኩባንያ፣ ማምረቻው ወደ ማካው ሄደ፤ በ1997 ደግሞ የቀድሞ ባላንጣው ማቴል እጅ ገባ።

አዋቂዎች ግን እስከዚያ ድረስ የሚፈልጉትን አላገኙም ነበር። ለልጅ የተሠራ መኪና ወፍራም ነው፤ መብራቱ ቀለም ነው፤ ቸርኬው ከእውነተኛው ጋር አይገናኝም። በ1970ዎቹና በ80ዎቹ በ1፡43 ስኬል ትክክለኛ የውድድር መኪና የፈለገ ሰው ምርጫው ኪት ብቻ ነበር። በእንግሊዝ፣ በፈረንሳይና በጣሊያን ትንንሽ ወርክሾፖች በላስቲክ ቅርጽ ማውጫ፣ በቀላሉ ከሚቀልጥ ነጭ ብረት ወይም ከሬዚን ኪት ያወጡ ነበር፤ የጣሊያኑ ታሜኦ በፎርሙላ ዋን መኪኖቹ እስከ ዛሬ ይታወቃል። ይህን ገበያ የናጠው በ1990 የተመሠረተው የጀርመኑ ሚኒቻምፕስ ነው። ኪቱ የሚሰጠውን ዝርዝር ሁሉ የያዘ መኪና ቻይና ውስጥ አስገጥሞ ከኪቱ ባነሰ ዋጋ ሲያቀርበው፣ ብዙ የኪት ወርክሾፖች ተዘጉ፤ የቀሩት የተገጠመ ወደ መሸጥ ዞሩ። ኪት የሚመርጠው ሰው ቁጥር የቀነሰው ትዕግሥት ስለጠፋ ነው ሲባል እሰማለሁ፤ እኔ ምክንያቱን የምፈልገው በቻይናዋ ጓንግዶንግ ለሠራተኛ በሚከፈለው ደመወዝ ላይ ነው።

በ1፡18 ስኬልም እንዲሁ ሆነ። የጣሊያኑ ቡራጎ ከ1970ዎቹ ጀምሮ በርና ኮፈናቸው የሚከፈቱ ትልልቅ መኪኖችን በርካሽ አስለምዶ ነበር። ኪዮሾና አውቶአርት ሥራውን አራቀቁት፤ ምንጣፍ፣ የሚሠራ ሞላ፣ ከጎማው ጋር የሚዞር መሪ። ጣሪያው ላይ የደረሰው የጀርመኑ ሲኤምሲ ነው። ብዙዎቹ ሞዴሎቹ ከ1,000 በላይ ክፍሎች አሏቸው፤ የቸርኬው ሽቦዎች አንድ በአንድ በእጅ ይገባሉ፣ ኮፈኑ ሲነሳ የሞተሩ ቱቦና ገመድ ይታያል። ዋጋው በመቶ ዶላሮች ይቆጠራል፤ ከዚያ ውስጥ ትልቁ ድርሻ የገጣጣሚው ሰዓት ነው። እንዲህ ዓይነቱን መኪና «ያለ ሙያ የተገኘ» ማለት ይከብደኛል።

የቻይና ደመወዝ ሲያድግ ይህም መለወጡ አልቀረም። አሁን በ1፡43 እና በ1፡18 ገበያ ላይ ትልቅ ቦታ የያዘው እንደ ስፓርክ ያሉ ኩባንያዎች የሚያወጡት የሬዚን መኪና ነው። ሬዚን በሲሊኮን ቅርጽ ማውጫ ስለሚሠራ መነሻ ወጪው ትንሽ ነው፤ ሲሊኮኑ ግን ጥቂት አሥር ቅጂ አውጥቶ ይበላሻል። ለ300 ወይም ለ500 ፍሬ ብቻ የሚወጣ ብርቅዬ መኪና በዚህ መንገድ አትራፊ ይሆናል። በምላሹ ግን በሩ አይከፈትም፤ የሚገጠም ነገር በቀነሰ ቁጥር የሚከፈለውም ይቀንሳላ። የተዘጋው መኪና መልኩ ብዙ ጊዜ ከብረቱ ይበልጣል። በእውነተኛ መኪና በርና አካል መካከል ያለው ክፍተት 4 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ በ1፡18 ላይ ከሩብ ሚሊ ሜትር ያነሰ መሆን አለበት፤ የሚከፈት የብረት በር ይህን ለመጠበቅ ይቸገራል። ቀለምም እንዲሁ ነው። ሞዴሉ ላይ አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር የወፈረ ቀለም ትልቋ መኪና ላይ ወደ 2 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ቅብ ማለት ነው። የመስመሮቹ ጥራት የሚደበዝዘው እዚህ ላይ ነው፤ ጎበዝ የኪት ሠሪ በኤርብራሽ ስስ አድርጎ ሲቀባ ፋብሪካውን የሚበልጠውም እዚሁ ላይ ነው። ዳይካስት መልሶ የሚበልጠው በክብደቱ፣ በጥንካሬውና ነገ ጠዋት መደርደሪያ ላይ በመድረሱ ነው።

ስለ ገንዘቡም ትንሽ እንበል። አንድ ተራ ሆት ዊልስ አሜሪካ ውስጥ ከአንድ ዶላር ብዙም ያልራቀ ዋጋ አለው። ከ1995 ጀምሮ ግን ማቴል በአንዳንድ ካርቶኖች ውስጥ «የተደበቁ» መኪኖች ይጨምራል፤ እነሱን ፍለጋ ሱቅ ሳይከፈት በር ላይ የሚቆም ሰው አለ። በ1969 የተሞከረች አንዲት ሮዝ የቮልስዋገን ኮምቢ፣ የውኃ መንሸራተቻ ጣውላዋ ከኋላ መስኮቷ የወጣ፣ ጠባብ ስለነበረች ለገበያ ሳትበቃ ቀረች፤ የተረፉት ጥቂት ናሙናዎች ዛሬ ከ100,000 ዶላር በላይ ይገመታሉ። ከዚህ ተነስቶ ዳይካስትን የቁጠባ ሣጥን ማድረግ ግን ሞኝነት ነው። በብዛት ከተመረቱት መኪኖች ውስጥ የገዙበትን ዋጋ የሚመልሱት ጥቂቶች ናቸው፤ እነሱም ካርቶናቸው ካልጠፋ።

የሚገዛ ሰው ማወቅ ያለበት በሽታም አለ። ዚንኩ ውስጥ ትንሽ እርሳስ ከገባ ብረቱ ከዓመታት በኋላ ከውስጥ ይሰነጠቃል፣ ያብጣል፣ በመጨረሻም ይፈረፈራል፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠሩ ብዙ ዲንኪዎች ያለቁት በዚህ ነው። መድኃኒት የለውም። አሮጌ ሞዴል ሲገዙ ቀለሙ ሥር እንደ ቆዳ ሽፍታ የተነሳ ነገር ካለ፣ ወይም በሩ ያለ ምክንያት አልገጥም ካለ መተው ነው። ፀሐይ ቀይ ቀለም ትበላለች፤ ለስላሳ ጎማ ለረጅም ጊዜ የቆመበትን ፕላስቲክ ያቀልጣል።

በሁለቱ መንገዶች መካከል ሦስተኛ አለ፤ ለኢትዮጵያዊ ሰብሳቢ የሚስማማው እሱ ይመስለኛል። የእኛን መንገድ የሞሉት መኪኖች በትንሹ ይገኛሉ። ቮልስ በሁሉም ስኬል አለች፤ ፔዦ 404ን የፈረንሳዩ ዲንኪ ሠርቶታል፤ ቶዮታ ሃይስ በጃፓኑ ቶሚካ፣ ላዳ 2101 በ1፡43 አለች። የአዲስ አበባ ታክሲን ነጭና ሰማያዊ ቀለም ያላትን ላዳ የሚፈልግ ግን ራሱ ቢሠራት ይሻላል፤ ከሽቦና ከቆርኪ መኪና ሲሠራ ላደገ ልጅ ይህ ከባድ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ከሆዷ በታች ያለውን ብሎን መፍታት ነው፤ በሪቬት የተያያዘች ከሆነ ራሱን በቀስታ በድሪል ማንሳት። መስታወቱና ወንበሩ ወጥተው ይቀመጡ። የፋብሪካውን ቀለም በማስለቀቂያ አጥቦ፣ ስስ መነሻ ቀለም ሰጥቶ፣ አስቀድሞ ነጩን ሙሉ በሙሉ መቀባት፤ ሰማያዊው ነጩ ላይ ይሸፍናል፣ ነጩ ግን ሰማያዊውን ለመሸፈን ብዙ ቅብ ይፈልጋል። ነጩ በደንብ ሲደርቅ ከመስኮቱ ሥር በቀጭን ማስኪንግ ቴፕ መስመር ይዞ ታችኛውን ሰማያዊ ማድረግ ነው። ቴፑ የሚነሳው ሰማያዊው ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ነው፤ ከደረቀ በኋላ ጠርዙን ይዞት ይነሳል።