እህል ወይስ ዛፍ? ስለ አንድ ጥያቄ ስሕተት

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የኢትኖሎጂ ማኅበር መጽሔቱን ማሳተም ሲጀምር፥ ተማሪዎቹ ስለ ሕዝቡ ልማድ የጻፉት ራሳቸው አይተውና ጠይቀው ነበር። እኛም የምርምርን ዘዴ በዚሁ መንገድ ለመማር አስበን፥ መጠይቅ ይዘን በአገው ምድር ወደ አዲስ ቅዳም ሄድን።

ከጥያቄዎቹ አንዱ «ይህ ማሳ የእህል ነው ወይስ የዛፍ?» ይላል። በክፍል ውስጥ ስናነበው ምንም ጉድለት አልታየንም። ነገር ግን የጠየቅናቸው ገበሬዎች ለከሰል የሚሆነውን፥ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ሲተክሉ በመጀመሪያው ዓመት በችግኞቹ መካከል ጤፍ ይዘራሉ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዛፉን ቆርጠው ያከስላሉ፤ መሬቱንም እንደ ገና ያርሳሉ። አንድ አዛውንት «ሁለቱም ነው» ቢሉን፥ በቅጹ ላይ ለዚህ መልስ ቦታ አልነበረም። እኛም (ይህን ስንጽፍ እናፍራለን) «የዛፍ» በሚለው ላይ ምልክት አደረግን። ሌሎቹንም እንዲሁ። ማታ ስንደምር፥ በዓይናችን ያየነው ጤፍ ከወረቀቱ ላይ ጠፋ! እንግዲህ የጎደለው የገበሬው መልስ ሳይሆን የእኛ አከፋፈል ነበር።

ስለዚህ ያን ጥያቄ ሰርዘን «በዚህ ማሳ አምና ምን ነበረ? ዘንድሮስ? ለከርሞስ ምን አስበዋል?» ብለን ጻፍን፤ በማግሥቱም ወደ አዛውንቱ ቤት ተመለስን።